ሰው ላጠና ሄጄ

«በኮሌጅ ምን ተማርክ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላችሁ መልሱ አጭር ቢሆን ደስ ይላል። «ሕግ» ያለ ሰው ወንበር ይሳብለታል፤ «ሕክምና» ያለ ሰው የጠያቂውን የወገብ ሕመም እዚያው ቆሞ ያዳምጣል። እኔ ግን «ዋናው ትምህርቴ ታሪክ ነው፣ ተደራቢው አንትሮፖሎጂ» ባልሁ ቁጥር ሰዉ ሁሉ ታሪክ የሚለውን በራስ ንቅናቄ አሳልፎ በሁለተኛው ላይ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ያገለገለው አጎቴ ቃሉን ሁለት ጊዜ ካስደገመኝ በኋላ «ይኸ ነገር ደመወዝ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። የለውም አልሁት። «እንግዲያው ገና በጊዜ ብትተወው ምን ነበረበት?» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ተደራቢ የምለው በኮሌጅ ቋንቋ «ማይነር» የሚባለውን ነው። ተማሪው አንዱን ትምህርት ዋና አድርጎ ይይዝና ሌላውን በጥቂት ኮርሶች ጎን ለጎን ይከታተላል። እውነቱን ለመናገር፣ አንትሮፖሎጂን የመረጥሁት ከፍ ባለ ዓላማ ተመርቼ አይደለም። ጂኦግራፊ የሚመዘገቡት ተማሪዎች ሰልፍ ረዥም ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚመዘገቡት ደግሞ ሁሉም ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ነበሩ። በሦስተኛው መስኮት ግን ማንም አልነበረም፤ ጸሐፊዋም ሹራብ ትሠራ ነበር። ወደዚያ ሄድሁ።

አንትሮፖሎጂ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን በአማርኛ ሥነ ሰብእ ብንለው ይስማማዋል፤ ስለ ሰው የሚደረግ ጥናት ማለት ነው። «ስለ ሰውማ ሐኪሙም ዳኛውም ያጠናል» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ልዩነቱ ግን በአጠናኑ ላይ ነው። ሐኪሙና ዳኛው ሰውዬውን ወደ ቢሯቸው ያስጠሩታል። የአንትሮፖሎጂው ሰው ግን ራሱ ወደ ሰዎቹ መንደር ይሄዳል፤ ቋንቋቸውን ይማራል፤ የሚበሉትን እየበላ፣ ቢቻለው ዓመት ሁለት ዓመት አብሯቸው ይቀመጣል። ይህን ልማድ ከሁሉ በላይ ያጸናው ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1918 ባለው ዘመን፣ ከኒው ጊኒ አጠገብ ወደሚገኙት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ሁለት ጊዜ ሄዶ ድንኳኑን በመንደሩ መካከል ተክሎ ኖረ፤ ያየውንም በ1922 በመጽሐፍ አወጣ።

መምህራችን የዚህን መጽሐፍ ፍሬ ነገር ሲነግሩን ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ምክንያቱም የደሴቶቹ ሰዎች በታንኳ ባሕር እያቋረጡ፣ ሕይወታቸውንም ለአደጋ እየሰጡ፣ ከቀይ ዛጎል የተሠራ የአንገት ጌጥና ከነጭ ዛጎል የተሠራ አምባር ይለዋወጡ ነበር። የአንገቱ ጌጥ በደሴቶቹ ዙሪያ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ አምባሩ በተቃራኒው ይዞራል። የተቀበለው ሰው ጥቂት ጊዜ ይዞት ለሌላው ያሳልፈዋል እንጂ ለራሱ አያስቀረውም። «ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?» አለ አንዱ ጓደኛችን። መምህራችን ወዲያው አልመለሱለትም። ይልቁንም፣ «በእናንተ አገር ሠርግ ሲደገስ ማን ምን እንዳመጣ በደብተር የሚጽፍ ሰው ይቀመጣል?» ሲሉ ጠየቁ። ይቀመጣል አልን። «ለምን?» አሉ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ «በእነሱ ሠርግ ጊዜ እንድንመልስ ነው» አለች። «ዕቃው ቸግሯችሁ ነው?» «አይደለም።» ከዚያ በኋላ የሣቀ ተማሪ አላስታውስም።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ትምህርቱ ቀስ በቀስ ያዘኝ። ሲይዘኝ ግን በደግ መንገድ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን «ሰምና ወርቅ» የተባለ መጽሐፍ ስገልጥ፣ ስለ መንዝ ተጽፎበት አገኘሁት። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ብርዱን፣ ገብሱን፣ አያቴ ትለብሰው የነበረውን የበግ ጠጉር ባና የማውቅ እኔ ነኝ። አሁን ግን ስለ አያቶቼ ለማወቅ በፈረንጅ አፍ የተጻፈ መጽሐፍ ገልጬ፣ የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ መዝገበ ቃላት ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። አንዳንዱን ሳነብ «እውነት ነው!» እያልሁ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፤ አንዳንዱን ሳነብ ደግሞ ደሜ ፈላ። ቤታችን ሳይጠራ የገባ እንግዳ ዕቃችንን አንድ በአንድ እያነሣ ሲያይ የተመለከትሁ መሰለኝ። ንዴቴን ለመምህራችን ብነግራቸው፣ «ተሳስቷል ካልህ ሄደህ አንተ ጻፋ!» ብለው ሸኙኝ።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የባህል ጥናት ማኅበር አቋቁመው፣ እያንዳንዱ በዕረፍት ጊዜው ወደ ተወለደበት አገር ሄዶ የሠርጉን፣ የልቅሶውን፣ የዳኝነቱን ሥርዓት እየጻፈ ያመጣ ነበር። መጽሔታቸው መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቤት ተገኘለት። በስድስት ኪሎ ያለውን ሙዚየም ያላያችሁ ካላችሁ አንድ ቅዳሜ ብትሄዱ አትቆጩም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎቼ «ለእኛ ምን ይረባናል?» እንዳትሉኝ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። በርስት ዘመን አንድ የመንግሥት ሰው ወደ ጎጃም ገጠር ወርዶ «ይህ መሬት የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ዐሥር ሰው «የእኔ ነው» ሊለው ይችል ነበር፤ እሱም ዘጠኙ ይዋሻሉ ብሎ ይመለሳል። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትም እንዳሳየው ግን፣ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል፣ በየትኛውም ቅድመ አያቱ ስም ርስት መጠየቅ ይችል ስለ ነበረ፣ ዐሥሩም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ርስት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አብቅቷል፤ «ይዋሻሉ» ብሎ መመለስ ግን አላበቃም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ለመጨረሻው ዓመት ጽሑፌ የመረጥሁት በአገራችን ስላሉት ሸክላ ሠሪዎች ነው። ያስመረጠኝም ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ መንዝ ሰው የቡዳ እምነት የጻፈው ጽሑፍ ነው። እሱ ፍርሃቱን ከቅናትና ከፉክክር ጋር ያያይዘዋል። እኔ ግን ፍርሃቱን ከማንበቤ በፊት አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሳለሁ በአንገቴ ላይ ክታብ ታስሮልኝ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጠይቦች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ የሰው ልጅ በዓይናቸው ይበላሉ እየተባለ ነው ያደግሁት። ቃሉን ብትመረምሩት የሚያስገርም ነው፤ ጠይብ የሚለው ስድብ ከጠቢብ የወጣ ነው ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። በእኛ መንደር አዋጁ የተሰማ አይመስልም።

ለፋሲካ ዕረፍት አገሬ ገባሁና ሐሳቤን ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ደግ ሴት ናት፤ በማንም ላይ ክፉ ቃል ሲወጣት አልሰማሁም። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፣ «ጠይቅ፤ ጻፍ፤ ከቤታቸው ግን እህል ውሃ እንዳትቀምስ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ምጣዱን የገዛችው ከነዚያው ሰዎች ነው። በገበያ ቀን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን አዳምጣ፣ ስንጥቅ አለመኖሩን አረጋግጣ፣ ቤት አምጥታ በጎመን ዘር አሟሽታ፣ እኛን ሁሉ ያሳደገችን በሱ ላይ ነው። ጀበናውም፣ ድስቱም እንዲሁ። ሴትዮዋ በእጇ የሠራችውን ምጣድ አምነን እንበላበታለን፤ ከዚያው እጅ ቁራሽ እንጀራ ብትዘረጋልን ግን እንሸሻለን። ይህን በዚያን ጊዜ ለእናቴ አልነገርኋትም። በደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ ደስም አለኝ፤ ጥሩ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

ለዐሥር ቀን ያህል ጠዋት ጠዋት ወንዙን እየተሻገርሁ ሄድሁ። የተቀበሉኝ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ከአንድ ልጃቸው ጋር ሆነው ሥራቸውን አንድም ሳይደብቁ አሳዩኝ። አፈሩን ከወንዝ ዳር ቆፍረው ያመጣሉ፤ ያደርቁታል፤ በዱላ ይወቁታል፤ ነፍተውም ከተፈጨ የአሮጌ ሸክላ ገል ጋር ያቦኩታል። ገሉ እሳት ላይ እንዳይፈነዳ ይረዳዋል አሉኝ። የሚሽከረከር መሣሪያ የላቸውም፤ ጭቃው ቆሞ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይዞሩታል። አንድ ትልቅ እንስራ እስኪነሣ ድረስ ስንት ጊዜ እንደዞሩ ልቆጥር ሞክሬ ከመቶ በላይ ሲሆን ተውሁት። ከዚያ በጥላ ቀናት ይሰነብታል፤ በመጨረሻም በሜዳ ላይ ኩበትና እንጨት ተከምሮበት ይቃጠላል። የዚያን ቀን ከተቃጠሉት ዐሥራ አራት ዕቃዎች ሦስቱ ተሰነጠቁ። ሴትዮዋ ስንጥቆቹን ለብቻ አስቀመጡና «እነዚህ ተመልሰው ገል ይሆናሉ» አሉኝ። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ እንስራ የሚገዛ እየጠፋ መሄዱንም ነገሩኝ። ምጣድና ጀበና ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ለኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ሸክላው አይቀርምና።

በሦስተኛው ቀን ቡና አፈሉ። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ ልጅቱ ቆላች፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቡልኝ። መምህራችን «የሚበሉትን ብላ፣ የሚጠጡትን ጠጣ፤ ያለዚያ የምትጽፈው ከአጥር ውጭ ሆነህ ነው» ብለውን ነበር። ስለ ርኩሰትና ንጽሕና ሜሪ ዳግላስ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመችውን መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንዲያውም በጽሑፌ መግቢያ ላይ ጠቅሻታለሁ። ሰዎች ንጹሕና ርኩስ የሚሉት ነገር ዓለማቸውን በሥርዓት ለመከፋፈል የሚያሰምሩት መሥመር መሆኑን በሚገባ ላስረዳችሁ እችል ነበር። ነገር ግን እጄ አልተዘረጋም። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ላቤ መጣ። የእናቴ ቃል ይሁን፣ የልጅነቴ ጅብ ይሁን፣ አላውቅም።

«ጾም ነኝ» አልሁ።

ሴትዮዋ አዩኝ። በአንገታቸው ላይ ማተብ ነበረ። «ልጄ፣ በሃምሳው ምን ጾም አለ?» አሉኝ።

አንባቢዎቼ፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው መሆኑን ማንም የመንዝ ሕፃን ያውቃል። ያ ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነበር። ሴትዮዋ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሲኒውን ራሳቸው ጠጡትና፣ «ቅድም ስለ አፈሩ ምን ነበር የጠየቅኸኝ?» አሉኝ። እኔም ጠየቅሁ፤ እሳቸውም መለሱልኝ፤ ጻፍሁ። እስከ ዐሥረኛው ቀን ድረስ ሁለተኛ ቡና አላፈሉልኝም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ጽሑፌን አዘጋጀሁ። አርባ ሁለት ገጽ ነበር። ስለ አሠራሩ የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በስምንተኛው ገጽ ላይ «አጥኚው ከቤተሰቡ ጋር ቡና እየጠጣ ባደረገው ውይይት» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ይህን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለጽሑፉ ከፍተኛውን ነጥብ አገኘሁ። መምህራችን ሲመልሱልኝ ግን በዚያ ዐረፍተ ነገር ትይዩ፣ በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ «እስከ ስንተኛው ድረስ ጠጣህ? አቦል? በረካ?» ብለው ጽፈው ነበር። ጠርጥረው ይሁን፣ ለማወቅ ጓጉተው ይሁን፣ ፊታቸውን አይቼ ለመለየት አልደፈርሁም።

በዚያው ወር ስለ ማሊኖውስኪ የግል ማስታወሻ ተማርን። ማሊኖውስኪ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሚስቱ በጥናቱ ዘመን ለራሱ ብቻ የጻፈውን አሳተመችው። በመጽሐፉ ውስጥ ታጋሽና አስተዋይ ሆኖ የሚታየው ሰው፣ በማስታወሻው ውስጥ በሰዎቹ ላይ ይበሳጫል፤ ይሰለቻል፤ ይሰድባቸዋል። ብዙ ሊቃውንት ተደናገጡ። የእኛም አገር በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ገብታለች። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጓድ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በቅጂ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስም በጉዞው ላይ የታየውንና የተደረገውን፣ ገመናውን ሳይቀር፣ ዕለት በዕለት ጽፎ በ1934 አሳተመው፤ አለቃው ክፉኛ ተቆጣ። የክፍል ጓደኞቼ «ማሊኖውስኪ አታላይ ነው!» እያሉ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ እናገር የነበርሁት እኔ በዚያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ሌቪን ላይ የተናደድሁትም ትዝ አለኝ። እሱ ቢያንስ የመንዝን ሰው እንጀራ በልቷል።

ተመርቄ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ሆንሁ። አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ በአንዲት ተማሪ ዴስክ ላይ በጠመኔ «ቡዳ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ልጅቱ ደብተሯን በጽሕፈቱ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ጠረግሁት። የዕለቱን ትምህርት ትቼ ስለ ምኒልክ አዋጅ፣ ስለ ጠቢብ ቃል፣ እናቶቻችን ስለሚጋግሩበት ምጣድ ተናገርሁ። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በደቡብ ኢትዮጵያም ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና አንጥረኛው ከማዕድና ከጋብቻ እንዴት እንደሚለዩ መጻፉን አስረዳሁ። ጥሩ ተናገርሁ ብዬ አምናለሁ፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እርስዎ ከቤታቸው በልተው ያውቃሉ?»

ልጁ ሊያላግጥ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ዴስኳ ላይ የተጻፈባት ልጅም ቀና ብላ አየችኝ። «አይ፣ አልበላሁም» አልሁ። ከዚያ በላይ የምጨምረው አልነበረኝም፤ ደወሉ ተደወለ።

ባለፈው ፋሲካ አገሬ ስገባ በሦስተኛው ቀን ወንዙን ተሻገርሁ። ሴትዮዋ አሉ። ጣቶቻቸው ተቆልምመው ጭቃውን አሁን የምትዞረው ልጃቸው ናት። አላወቁኝም ይሆናል ብዬ ስሜን ልናገር ስል፣ «ያ ጸሐፊው ልጅ» አሉ ለልጃቸው። ጽሑፌን ይዤላቸው ሄጄ ነበር፤ ማንበብ ስለማይችሉ ስለ እንስራው የሚናገረውን ክፍል አነበብሁላቸው። አንድ ቦታ ላይ አቆሙኝና፣ አፈሩ ሳይነፋ መወቃቱን ብቻ ጽፌ መንፋቱን ከገሉ በኋላ ማድረጌን አረሙኝ። ስምንተኛውንም ገጽ አነበብሁላቸው። ሲሰሙ ቆይተው፣ «እና ቡናው ጣፈጠህ?» አሉኝ። ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሣቀች።

«ዛሬስ ጾም ነህ?» አሉኝ ቀጥለው። አይደለሁም አልሁ። ቡናው እስኪፈላ ብዙ ቆየ። ሦስቱንም ጠጣሁ። ጉሮሮዬ እንደ ድሮው ሊዘጋ ሞክሮ ነበር፤ አቦሉ ላይ እንባዬ ስለመጣ ጭሱ ነው አልሁ፤ ይህንን ግን አላረሙኝም።

ማታ ለእናቴ ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ራቴን አቀረበችልኝና ወደ መኝታዋ ሄደች። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ጠበል ይዛልኝ መጣች። ተነሥቼ ተቀበልኋትና እስክትበቃ ድረስ ጠጣሁላት። ጠበሉ የመጣው በቢጫ ጀሪካን ነው፤ ቤታችን ገንቦ ካጣ ቆይቷል።